ከታይፔይ እስከ ሻንጋይ፤ ስለ መንገድ ርዝመትና ስለ ሰዓት

አንድ ሰው ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ ሲያስብ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «ምን ያህል ይርቃል?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «በስንት ሰዓት ይደረሳል?» የሚል ነው። የቀድሞ አባቶቻችን ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ቃል ይመልሷቸው ነበር። «የሦስት ቀን መንገድ ነው» ባሉ ጊዜ ርቀቱንም ጊዜውንም ተናግረው ጨረሱ፤ በእግር ወይም በበቅሎ ለሚጓዝ ሰው ርቀትና ጊዜ አንድ ነገር ነበሩና። አውሮፕላን ከመጣ ወዲህ ግን ሁለቱ ተለያይተዋል። ሩቅ የነበረው አገር ከጧት እስከ ቀትር ሲደረስበት፣ ቅርብ የሆነው ደግሞ ቀን ሙሉ ተጕዘው የሚደርሱበት፣ አንዳንድ ጊዜም ከቶ የማይደረስበት ሆኖ ይገኛል። የዚህ ምክንያቱ የአውሮፕላኑ ድካም ሳይሆን የሰዎች ጠብ የሆነበትን አንድ መንገድ በምሥራቅ እስያ ሄደንበት አይተናልና፣ ያየነውንና የተረዳነውን ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

መንገዱ ታይዋን በምትባለው ደሴት ላይ ካለችው ከታይፔይ ተነሥቶ፣ በቻይና ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ታላቂቱ ከተማ ወደ ሻንጋይ የሚያደርሰው ነው። ካርታ ዘርግቶ የሚመለከት ሰው ሁለቱን ከተሞች አንዱን በደቡብ፣ ሌላውን በሰሜን፣ በማስመሪያ እንደ ተሰመረ ባንድ ቀጥታ ተቀምጠው ያገኛቸዋል። በኬክሮስ ታይፔይ በ25ኛው፣ ሻንጋይ በ31ኛው መሥመር አጠገብ ሲሆኑ፣ በኬንትሮስ ግን ሁለቱም በ121ኛውና በ122ኛው መካከል ናቸው። ስለዚህ በታይፔይ ቀትር በሆነ ጊዜ በሻንጋይም ቀትር ነው፤ መንገደኛው ሲደርስ የእጅ ሰዓቱን ማስተካከል አያስፈልገውም። በመካከላቸው ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ 690 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህን ርቀት መገመት አያስቸግርም። ከአዲስ አበባ እስከ አስመራ በአየር ያለው መንገድ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና። እነዚህም ሁለት ከተሞች እንደ ታይፔይና እንደ ሻንጋይ በአንድ የኬንትሮስ መሥመር አጠገብ ከደቡብ ወደ ሰሜን የተቀመጡ ናቸው። መመሳሰሉ በርቀት ብቻ አለመሆኑን በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሰዓቱ ነገር እንለፍ። የዛሬው የመንገደኛ አውሮፕላን ከፍታውን ይዞ በሚበርበት ጊዜ በሰዓት ከ800 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በዚህ ሒሳብ 690 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ 50 ደቂቃ በበቃው ነበር። የጉዞው ሰሌዳ ግን ሁለት ሰዓት ገደማ ይላል። ይህ ልዩነት ከየት መጣ ቢባል፣ ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። መጀመሪያ፣ ሰዓቱ የሚቈጠረው አውሮፕላኑ መሬት ለቆ ከተነሣበት ጊዜ ሳይሆን፣ በሩ ተዘግቶ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ ዠምሮ፣ ወርዶ በመድረሻው እስኪቆም ድረስ ነው። በትልልቅ ከተሞች አውሮፕላኖች እንደ ገበያ ቀን አህዮች ተሰልፈው ተራቸውን ስለሚጠብቁ፣ በመሬት ላይ ብቻ የሚጠፋው ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሁለተኛ፣ ወደ 10 ሺህ ሜትር ከፍታ ለመውጣትና ከዚያም ለመውረድ አውሮፕላኑ ፍጥነቱን ቀንሶ መሄድ አለበት። አጭር በረራ ሲሆን ደግሞ መንገዱ በአብዛኛው መውጣትና መውረድ ነው። ሦስተኛ፣ የሰማይ መንገድም እንደ ምድር መንገድ የተወሰነ ነውና፣ አብራሪው ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው ምልክት እየታዘዘ ይሄዳል እንጂ እንደ ንስር በወደደው አቅጣጫ አይበርም።

አራተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። በምሥራቅ እስያ ሰማይ ላይ፣ ይልቁንም በክረምታቸው ወራት፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። ከዚህም የተነሣ ከሻንጋይ ወደ ጃፓን የሚሄድ ሰው ነፋሱ ከኋላ እየገፋው ቶሎ ሲደርስ፣ ሲመለስ ግን ነፋሱን ፊት ለፊት ስለሚገጥመው ይዘገያል። በታይፔይና በሻንጋይ መካከል ግን መንገዱ ከደቡብ ወደ ሰሜን ስለ ሆነ ነፋሱ የሚመታው ጐንን ነው፤ ስለዚህ መሄጃውና መመለሻው ብዙም አይበላለጥም። እንግዲህ ተፈጥሮ በዚህ መንገድ ላይ ያኖረችው እንቅፋት የለም ማለት ይቻላል። ተራራ የለበትም፤ በረሓ የለበትም፤ ከበታቹ ያለው ባሕር ብቻ ነው።

እኛ የተነሣነው ሶንግሻን ከተባለው በታይፔይ ከተማ ውስጥ ካለው የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። ይህ ማረፊያ ደሴቲቱ በጃፓን አገዛዝ ሥር በነበረችበት ዘመን በ1936 የተከፈተ ነው (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ማረፊያው ከመኖሪያ ቤቶችና ከሱቆች ጋራ ጐረቤት ስለ ሆነ፣ ከከተማው መካከል በባቡር ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። አውሮፕላናችን ከጧቱ በ3 ሰዓት ተኩል ተንደረደረና ተነሣ። በመስኮት ስንመለከት የደሴቲቱ ሰሜናዊ ተራሮች አረንጓዴ ለብሰው ታዩን፤ ወዲያው አለቁና ባሕሩ ዠመረ። አስተናጋጆቹ ምግብ ማደል እንደ ዠመሩ፣ ገና ዕቃው ሳይሰበሰብ፣ ለመውረድ መዘጋጀት እንዳለብን ተነገረን። አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ዘመዱን ለመጠየቅ የሚሄድበት ያህል አጭር ነበር።

ከጐናችን የተቀመጡ በዕድሜ የገፉ አንዲት ወይዘሮ ነበሩ። እንግሊዝኛ ያውቁ ስለ ነበረ ስለ መንገዱ አጭርነት ብናነሣባቸው ፈገግ ብለው፣ «ለእናንተ አጭር ነው፤ አባቴ ግን በዚህ መንገድ ላይ 39 ዓመት ቆይተዋል» አሉን። ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ብንጠይቃቸውም እስክንደርስ ድረስ አጫወቱን። የእሳቸውን ነገር ለመረዳት ግን የዚያን ዘመን ታሪክ በአጭሩ ማወቅ ያስፈልጋል።

በቻይና በቺያንግ ካይ ሼክ መንግሥትና በማዎ ዜ ዱንግ በሚመሩት ኮሙኒስቶች መካከል የተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት በ1949 በኮሙኒስቶቹ ድል አድራጊነት አበቃ። ሻንጋይ በግንቦት ወር በእነርሱ እጅ ገባች። በጥቅምት 1 ቀን አዲሱ መንግሥት በቤዢንግ ታወጀ፤ የተሸነፈው መንግሥትም በታኅሣሥ ወር መቀመጫውን ወደ ታይፔይ አዛወረ። ከእርሱ ጋራ እጅግ ብዙ ወታደሮችና ሲቪሎች ባሕሩን ተሻገሩ፤ ቍጥራቸውን እስከ ሁለት ሚሊዮን የሚያደርሱት አሉ። ከወታደሮቹ አብዛኞቹ ገና ሚስት ያላገቡ ወጣቶች ነበሩ። የሚሄዱት ለጥቂት ወራት መስሏቸው እናታቸውን ወይም እጮኛቸውን «ቶሎ እመለሳለሁ» ብለው የተሰናበቱ ነበሩ።

የሽሽቱ መንገድም ያለ ኀዘን አልተፈጸመም። ታይፒንግ የተባለችው መርከብ በጥር 27 ቀን 1949፣ በቻይናውያን የዘመን መለወጫ ዋዜማ ገደማ፣ ከሻንጋይ ተነሥታ ኪሉንግ ወደ ተባለው የታይዋን ወደብ ስትጓዝ ከሌላ የጭነት መርከብ ጋራ በሌሊት ተጋጭታ ሰጠመች። ከ1,500 የሚበልጡ ሰዎች ባሕር ውስጥ ቀሩ። ይህን ስንሰማ ከበታቻችን የተዘረጋው ሰማያዊ ባሕር እንደ ቀድሞው ባዶ ውሃ ሆኖ አልታየንም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተዘጋ። መርከብ አይሄድም፤ አውሮፕላን አይበርም፤ ደብዳቤ እንኳ በቀጥታ አይላክም ነበር። ኪንመን የምትባለው ትንሽ ደሴት ከቻይናዪቱ ከተማ ከሺያሜን በዓይን የምትታይ ስትሆን፣ በ1958 በመድፍ ተደበደበች። የመድፉም ተኵስ ጨርሶ የቆመው በ1979 መዠመሪያ ቀን ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ልጅ ለእናቱ «በሕይወት አለሁ» ብሎ ለማስታወቅ ቢፈልግ፣ በሆንግ ኮንግ፣ በጃፓን ወይም በአሜሪካ የሚኖር ወዳጅ ፈልጎ ደብዳቤውን በእርሱ በኩል ማስተላለፍ ነበረበት። ይህም ቢታወቅበት ያስከስሰው ስለ ነበረ ብዙዎቹ ዝምታን መረጡ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ሒሳብ እናስላ። በ1948 በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር የምትሄድ አሮጌ የእንፋሎት መርከብ ከሻንጋይ ኪሉንግ ለመድረስ አንድ ቀን ተኩል ያህል ይበቃታል። በ1970 ግን አህጉሮችን በአንድ ሌሊት የሚያቋርጥ ጄት ተሠርቶ ሳለ፣ በዚያው መንገድ የሚጓዝ ሰው ከቶ አይደርስም ነበር። የመጓጓዣው ፍጥነት ከ30 እጥፍ በላይ አደገ፤ መንገዱ ግን ማለቂያ የሌለው ሆነ። የሰው ልጅ ብልሃት ብቻውን ሰውን ከሰው እንደማያቀራርብ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚገኝ አይመስለንም።

በ1987 ሽማግሌዎች የሆኑት እነዚያ ወታደሮች መታገሥ አቃታቸው። በግንቦት ወር፣ የእናቶች ቀን በሚከበርበት ዕለት፣ ቤታቸው እንደ ናፈቃቸው የሚናገር ጽሑፍ ያለበት ነጭ ሸሚዝ ለብሰው በታይፔይ አደባባይ ወጡ። ከጦር ሜዳ ያልሸሹ ሰዎች ስለ እናታቸው ሲያለቅሱ ሕዝቡ አየ። በሐምሌ 15 ቀን በደሴቲቱ 38 ዓመት የቆየው የወታደር አዋጅ ተነሣ፤ በኅዳር 2 ቀን ደግሞ በቻይና ዘመድ ያላቸው ሰዎች ሄደው እንዲጠይቁ የፈቃድ ማመልከቻ መቀበል ተዠመረ።

ፈቃዱ ተገኘ እንጂ መንገዱ ገና አልቀናም ነበር። ሁለቱ መንግሥታት በቀጥታ ስለማይገናኙ መንገደኛው በሦስተኛ ቦታ በኩል መዞር ነበረበት። ይህም ቦታ በአብዛኛው ያን ጊዜ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር የነበረችው ሆንግ ኮንግ ነበረች። ከታይፔይ እስከ ሆንግ ኮንግ 810 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ይኬዳል። ከዚያም ወደ ሰሜን ዞሮ እስከ ሻንጋይ ሌላ 1,230 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበረራል። ድምሩ 2,040 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ይህ የቀጥታውን መንገድ ሦስት እጥፍ ነው። ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ጕዞውን የሚዠምረው ፊቱን ወደ ደቡብ መልሶ ነበር ማለት ነው። ሁለቱ በረራዎች አራት ሰዓት ያህል ይፈጃሉ፤ በመካከሉ አውሮፕላን እስኪለወጥና ወረቀት እስኪመረመር ሲጠበቅ ሌላ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይጨመራል። የሰባ ዓመት ሽማግሌ በሁለቱም እጁ የስጦታ ሻንጣ ተሸክሞ፣ ቋንቋው በማይሰማበት ማረፊያ ከአንዱ ሰልፍ ወደ ሌላው ሲንከራተት ቀኑ ይመሽበታል። ከታይፔይ ሆንግ ኮንግ ያለው መስመር ከዓለም ሁሉ መንገደኛ ከሚበዛባቸው አንዱ የሆነበት አንድ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነበር።

የጐረቤታችን የወይዘሮዋ አባት በ1988 የተጓዙት በዚህ መንገድ ነው። በሃያ ዓመታቸው ኒንግቦ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ካለው መንደራቸው ከጦሩ ጋራ ወጥተው፣ ሲመለሱ 59 ዓመት ሆኗቸው ነበር። በሩን የከፈቱላቸው ታላቅ ወንድማቸው ሲሆኑ፣ ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ሳይተዋወቁ ተያዩ። እናታቸው ከሞቱ 12 ዓመት ሆኖ ነበር። ወንድማቸው ግን አንድ ነገር ነገሯቸው፤ ይኸውም እናቲቱ በየዓመቱ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ቤተ ሰቡ ለእራት ሲሰበሰብ፣ የሌለው ልጅ ቦታ ላይ አንድ ጎድጓዳ ሳሕንና የመብሊያ እንጨት ሳያስቀምጡ ማዕድ አይዠምሩም ነበር። ወታደሩ ይህን ሲሰሙ ሳሕኑን እንዲያሳዩአቸው ጠየቁ። ተሰጣቸውም፤ ታይፔይ ድረስ ይዘውት ተመለሱ። ዛሬ ሳሕኑ በልጃቸው ቤት አለ። ወይዘሮዋ በየዓመቱ ቻይናውያን የሙታናቸውን መቃብር በሚያጸዱበት በሚያዝያ መዠመሪያ ቀናት ወደ አያታቸው መንደር ይሄዳሉ። ያን ዕለትም የሚጓዙት ለዚሁ ነበር።

የመንገዱ መከፈት የሆነው ቀስ በቀስ ነው። ሁለቱ ወገኖች በመዠመሪያ የተስማሙት በበዓል ነበር፤ ሰው በበዓል ከቤተ ሰቡ ተለይቶ መዋሉ ለማንኛውም ሕዝብ ከባድ ነውና። በጥር 26 ቀን 2003 ለዘመን መለወጫ በዓል የተዘጋጀ የታይዋን አውሮፕላን፣ በሆንግ ኮንግ አርፎ ከተነሣ በኋላ፣ ሻንጋይ ገባ። በ2005 በዚያው በዓል የሁለቱም ወገን አውሮፕላኖች መሬት ሳይነኩ ተጓዙ፤ ነገር ግን በሆንግ ኮንግ ሰማይ ላይ ዞረው ማለፍ ነበረባቸው። ሰማዩን እንኳ ለደንብ ሲሉ ይዞሩት ነበር ማለት ነው። በሐምሌ 2008 በየሳምንቱ መጨረሻ መብረር ተፈቀደ። በመጨረሻም በታኅሣሥ 15 ቀን 2008 አውሮፕላን፣ መርከብና ደብዳቤ በቀጥታ እንዲሄዱ ሲደረግ፣ ከታይፔይ ወደ ሰሜን ባሕሩን የሚያቋርጠው ቀጥተኛው የሰማይ መንገድ ተከፈተ፤ ከበረራውም አንድ ሰዓት ገደማ ተቀነሰ። በሰኔ 14 ቀን 2010 ደግሞ በከተሞቹ ውስጥ ባሉት በሁለቱ ቀደምት ማረፊያዎች፣ በሶንግሻንና በሆንግቺያዎ፣ መካከል በረራ ተዠመረ።

አንባቢያችን ግን ነገሩ በዚህ ተደላድሎ አለቀ ብሎ እንዳያስብ እንለምናለን። የሁለቱ መንግሥታት ክርክር አልተፈታም። በ2020 በዓለም ላይ ወረርሽኝ በደረሰ ጊዜ በመካከላቸው የነበሩት በረራዎች በጣም ተቀንሰው በጥቂት ከተሞች ብቻ ተወሰኑ፤ ሻንጋይ ከእነዚህ ከቀሩት አንዷ ነበረች። ሰዎች የከፈቱትን በር ሰዎች መልሰው ሊዘጉት ይችላሉና፣ ይህ መንገድ ዛሬም የሚኖረው በየዕለቱ በሚጠበቅ ስምምነት ነው።

ሆንግቺያዎ ስንደርስ ከቀትር በፊት ነበር። ከማረፊያው አጠገብ ትልቅ የባቡር ጣቢያ አለ፤ ወይዘሮዋም ወደ ኒንግቦ የሚሄደውን ባቡር ለመያዝ ቸኩለው ነበር። ሁለት ሰዓት በማይሞላ በረራና ሁለት ሰዓት ገደማ በሆነ የባቡር ጕዞ፣ ቀኑ ሳይመሽ የአያታቸውን መቃብር ሣር ሊነቅሉ ነው። ስንሰናበታቸው «በደኅና ግቡ» አልናቸው፤ እሳቸውም እጃቸውን አንሥተው ሄዱ።

ቀደም ብለን የአዲስ አበባንና የአስመራን መንገድ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1998 ጦርነት ከተነሣ በኋላ ያ 700 ኪሎ ሜትር ለ20 ዓመት ተዘግቶ ነበር። ወላጅና ልጅ፣ ወንድምና እኅት ለመገናኘት ሦስተኛ አገር ዞረው መሄድ ነበረባቸው፤ ይህን ያልቻሉት ደግሞ ሳይተያዩ ቀሩ። በሐምሌ 18 ቀን 2018 የመዠመሪያው አውሮፕላን አስመራ ሲገባ መንገደኞቹ መሬት ስመው ዘመዶቻቸውን አቅፈው ሲያለቅሱ ታይተዋል። በ2024 የኢትዮጵያ አውሮፕላን በረራ እንደ ገና ተቋረጠ። ስለዚህ የታይፔይ ሽማግሌዎች ነገር ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ ከእኛም መካከል በዕለተ በዓል በማዕድ ላይ ቦታ ትቶ የሚጠብቅ ቤት አለ።

ከዚህ ጕዞ የተረዳነው ይህ ነው። በሁለት ከተሞች መካከል ያለው ኪሎ ሜትር ምድር ስትፈጠር ዠምሮ የተወሰነ ነው፤ ማንም ሊያሳጥረው አይችልም። ሰዓቱን ግን የሚያረዝሙትም የሚያሳጥሩትም ሰዎች ናቸው። ሞተር ሠሪው ከመንገዱ ላይ ደቂቃዎችን ሲቀንስ፣ ጠብ ግን 39 ዓመት ይጨምርበታል። የመንግሥታት ነገር በእኛ እጅ ባይሆንም፣ በእጃችን ያለው መንገድ ጥቂት አይደለም። ባንድ ከተማ እየኖሩ በአንድ የቂም ነገር ዓመታት ሳይተያዩ የሚኖሩ ወንድማማቾች፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ አቅቷቸው እናታቸውን ከዓመት ዓመት የማይጠይቁ ልጆች በየሠፈሩ አሉ። እነዚህ ፓስፖርት አያስፈልጋቸውም፤ አውሮፕላንም አያስፈልጋቸውም። የኒንግቦዪቱ እናት ሳሕኑን በየዓመቱ ስታስቀምጥ ልጇ የሚመለስበት መንገድ አልነበረውም። መንገድ ያለን እኛ ግን፣ የሚጠብቀን ሰው በሕይወት ሳለ እንሂድ።